ያልተቆጠረው ድንኳን

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ፣ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ሜዳ የተነሣው አቧራ ፀሐይዋን ሸፍኗት ነበር።

ወሩ ጥር፣ ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህርነቱን ትቶ አገሩ ጠገዴ ገብቶ የነበረው፣ ከጠገዴም ረኃብ በእግሩ ያመጣው ስለሺ፣ ከስደተኛ መዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ከኋላው ሚስቱ አሰጋሽ ጡት ያልጣለች ልጃቸውን አዝላለች። በቆጠራው ቀን ቆጣሪዎቹ በየድንኳኑ ሸራ ላይ የነፍሱን ቁጥር በኖራ እየጻፉ ሲያልፉ፣ ባልና ሚስቱ ለቀብር ወጥተው ነበር። ድንኳናቸው ሳይቆጠር ቀረ። ካርድ ከሌለ ማሽላ የለም። ሁለተኛው ቆጠራ ከአርባ ቀን በኋላ ነው፤ የአሰጋሽ ጡት ግን ከትናንት ጀምሮ ደርቋል።

መዝጋቢው ያዕቁብ ገዳሪፍ ያደገ የነጋዴ ልጅ ነው። መዝገቡን ገለበጠ።

«የለህም» አለ።

«ይኸው ቆሜያለሁ።»

«መቆምስ ቆመሃል። የለህም ነው የምልህ። ሥራህ ምን ነበር?»

«ሒሳብ። የብዙ ኮምፕሌክስ ተለዋዋጮችን አናሊቲክ ፋንክሽን አስተምር ነበር።»

ያዕቁብ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወላሂ፣ እኔ ያለኝ ቦታ ገበሬ፣ ሸማኔ፣ ቄስ የሚል ነው። ይኼ ይበላል፣ ኡስታዝ?»

አሥራ ሁለት ዓመት ሲያስተምር፣ ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀው ሁሉ መልስ ሳያገኝ ሄዷል። አሁን መልሱ መጣለት። በእግሩ ጣት አቧራው ላይ ክብ ሣለ።

«ወንድሜ፣ በዙሪያችን ያለው ድንኳን ሁሉ ተቆጥሯል። እኛ መካከል ላይ የቀረን ቀዳዳ ነን። በዚህ ትምህርት ደግሞ፣ ዙሪያው የታወቀ ቀዳዳ፣ ቀዳዳ ሆኖ አይቀርም። ዙሪያው ራሱ ይሞላዋል፤ ያውም በአንድ መንገድ ብቻ።»

«ሁልጊዜ?»

ስለሺ መዋሸት አልፈጠረበትም። «ተለዋዋጩ አንድ ብቻ ከሆነ ላይሞላ ይችላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።»

«እዚህስ ስንት አለ?»

ከኋለኛው የድንኳን ረድፍ የሚኖሩት እትዬ የሺመቤት ከሰልፉ መካከል ጮኹ፤ «ረኃብና ጥም! ሁለት አይበቃህም? ካነሰህ ተቅማጥ ጨምርበት!»

ያዕቁብ «ሁለት» ብሎ ጻፈ። ማኅተሙን አነሣ።

«ነገር ግን» አለ ስለሺ። አሰጋሽ በክርኗ ጎኑን ጎሸመችው፤ እሱ ግን ጀምሮታል። «ዙሪያው ሳይቋረጥ መክበብ አለበት። በምሥራቅ በኩል የነበረው ታምሬ የቀን ሥራ ፍለጋ ቁረይሻ ሲሄድ ድንኳኑን ነቅሎ ወስዷል።»

ማኅተሙ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ኡስታዝ፣ በገዛ አፍዎ ከመዝገቤ ወጡ።»

«አይ መምህር!» አሉ እትዬ የሺመቤት። «እውነት ይበላል ያለህ ማነው? በሉ እናንተ፣ አትገተሩ! የእኔን ድንኳን ንቀሉና ምሥራቁን ግጠሙለት!»

ሰልፈኛው ሰልፉን ትቶ ተነሣ። ድንኳኑን ከነካስማው፣ ከውስጡ ከተንጠለጠለው ጀበና ጋር፣ እንደ ታቦት ተሸክመው በባዶው ቦታ ተከሉት። ያዕቁብ መዝገቡን በብብቱ፣ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ክፍተቱን በጫማው ለካ።

«ገጥሟል። ያላ፣ መካከሉ ስንት ነው?»

«የዙሪያው አማካይ ነው።»

ያዕቁብ ኖራውን እያነበበ ደመረ። ስድስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ሦስት፣ አምስት። ሠላሳ ሆነ። ለስድስቱ ድንኳን አካፈለው።

«አምስት ነፍስ።»

«እኛ ሦስት ነን» አለ ስለሺ።

«የሚሞላው በአንድ መንገድ ብቻ ነው አላሉም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያስ አምስት ናችሁ። የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት።»

ስለሺ ተንበርክኮ ስሌቱን አቧራው ላይ እንደገና ሠራው። ስሕተት አጣበት። ቀና ብሎ አሰጋሽን አየ። እሷ ስድስቱን ድንኳኖች አንድ በአንድ ስታይ ቆይታ፣ «ልክ ነው» አለች።

ያዕቁብ ካርዱ ላይ «፭» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መትቶ ሰጣት።

ከጠገዴ ሲነሡ አምስት ነበሩ።