የጠጅ ሣር ሽታ

እጄ ጠጅ ሣር እንደሚሸት ያወቅሁት መኪናው ጉሙ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ልጄ ማሪየሎስ የሳሙናችንን ናሙና ይዛ ወደ ሳን ሆሴ መሄዷ ነበር። ለትምህርት ቤቶች የምናፈላው ሳሙና ሽታ የለውም፤ ጠጅ ሣር የምንጨምረው ለየቤታችን በምንወስደው ላይ ብቻ ነው።

«ኦፌሊያ፣ አለቀልን» አልኳት አብራኝ የምትሠራውን ጎረቤቴን። «ናሙናውን የቀዳሁት ለየቤታችን ከምንወስደው፣ ከቤቱ በርሜል ነው።»

እጄን አሸተተችና ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ ማሪየሎስን ስትወልጂም አዋላጇን ትተሽ ቄስ ነው ያስጠራሽው።»

«ይኼኛው ግን እውነት ነው።»

«ያኔም እውነት ነው ብለሽ ነበር።»

ሸለቆአችን ጉም ሲለብስ ስልክ አይሠራም። ሳን ሆሴ ላይ የስምንት አገር ሰዎች ተሰብስበዋል። መንግሥታት ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል የሚገዙት ሳሙና ወንዝ የማይበክል፣ የልጆችን ትንፋሽ የማያውክ እንዲሆን አንድ የጋራ መስፈርት ሊያወጡ ነው። እስከ ዛሬ አንዱ አገር ያሳለፈውን ሌላው ይጥለው ነበር። ከተስማሙ እዚህ ኦሮሲ የፈላ ሳሙና ሊማ ድረስ ይሄዳል። የእኛን ከጣሉት ግን ማምረቻችን ይዘጋል፤ ማሪየሎስም ሥራ ፍለጋ ወጥታ ከተማ ትቀራለች።

ቀኑን ሙሉ እያማሰልኩ ስብሰባውን በሐሳቤ አየሁት። ጠርሙሱ ይከፈታል፤ ሽታው በጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ የነካው ወረቀት ሁሉ ቅጠል ይሆናል። ከመስኮቱ ውጭ ስምንት ወንዞች ጎን ለጎን ይፈሳሉ። ልጄ መካከላቸው ቆማ ትናገራለች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የላትም። ከዚያ ወንዞቹ አረፋ ሆኑና ወደ ላይ ተነሡ። ማማሰያውን ጥዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ውጭም ያው ነጭ ነበር።

ሲመሽ ማሪየሎስ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከጉሙ ወጣች።

«እማ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

«ጣሉት።»

«ተቀመጪ አልኩሽ እኮ።»

ተቀመጥኩ። የፓራጓዩ ሰውዬ ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተ አለችኝ። «የእናቴን ጓሮ ነው የሚሸተው፤ ይኼማ ይፈቀድ» አለ። የፔሩዋ ሴት «እንግዲያው የእኛም ባሕር ዛፍ» አለች። ብራዚላዊው የብርቱካን ልጣጭ አመጣ። ሽታ ስለ መከልከል ጠዋት የተስማሙበት ሁሉ ፈረሰ።

«በእኔ ምክንያት» አልኩ።

«ባንቺ ምክንያት። ከዚያ የቺሊዋ ሴትዮ መሳል ጀመረች፤ አስም አለባት። መስኮቱን ሁሉ ከፈትን። ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመን ጠበቅናት። ከዚያ በኋላ ስለ ጓሮ ያወራ የለም። ምንም ዓይነት ሽታ አይኑረው ብለው ስምንቱም ፈረሙ።»

«የእኛስ?»

«ይኼኛው ወድቋል። ሽታ የሌለውን ሰኞ አምጪ ብለውኛል።» ፈገግ አለች። «የፓራጓዩ ሰውዬ ግን ጠርሙሱን አልመለሰልኝም።»

ሰኞ። እስከ ሰኞ ስንቱ ነገር ሊበላሽ ይችላል። ተነሣሁ፤ የቤቱን በርሜል ከእሷ ጋር እያንከባለልን ወደ ወጥ ቤቴ ወሰድነው። ማምረቻው ውስጥ የተንጠለጠለውን ጠጅ ሣር አወረድን፤ ማማሰያውን ፈቀፈቅን፤ ወለሉን በሙቅ ውሃ አጠብን። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ አሸተትኩ። ምንም የለም። ደግሜ አሸተትኩ።

«እማ፣ ራበኝ።»

«አንዴ ብቻ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሳሸትት አፍንጫዬ የገባው የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ብቻ ነበር። በሩን ቆለፍኩት።