ለማን ልክ ነው?

ኤሊ ካፖርት ኪስ ውስጥ ተደርድሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፍርድ ቤት አይቻለሁ። ልብስ ሰፊው የእህቴ ባል ኤሊ በድብቅ ወደ ውጭ አገር ለሚያሻግሩ ሰዎች ባለብዙ ኪስ ካፖርት ሰፍቷል ተብሎ ተከሶ ነበር። ካፖርቱ አየር ማረፊያ ውስጥ ከነኤሊዎቹ ተጥሎ ሲገኝ ለባሹ አምልጧል።

«የድንች መያዣ መስሎኝ ነው» አለ የእህቴ ባል።

«ታዲያ ለድንች መተንፈሻ ቀዳዳ ለምን አበጀህለት?» አሉ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ድንችም እኮ ይታፈናል!»

«አንተ ሰውዬ፣ ምናለ ዝም ብትል!» ብላ እህቴ ከኋላ ስትጮህ ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ጥፋተኛ ነውና በዚህ አልከራከርም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ካፖርቱ በስልክ በተነገረው ልክ የተሰፋ ነው፤ የማን ልክ እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም! ዐቃቤ ሕጉ ለማሳያ ሲለብሰው ድንኳን ውስጥ የገባ ድመት መሰለ። ያንን ካፖርት የሚሞላ ሆድ በአዳራሹ አንድ ብቻ ነበር፤ ለምስክርነት የመጡት የጉምሩክ ኃላፊ ሆድ።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት!» አለች እህቴ።

«ይሞቀኛል» አሉና ላባቸውን እየጠረጉ ወጡ። ዳኛውም መዝገቡን ዘጉ።

እህቴ ባሏን ለሁለት ዓመት ልታጣ ነው፤ የካፖርቱ ባለቤት ግን ምሳውን እየበላ ነው። ክቡር ኃላፊ፣ ካፖርቱን ሕዝብ ፊት ይልበሱና ይንገሩን፦ ቁልፉ ይገጥማል ወይስ አይገጥምም?