የቪዮሬል «ጋታ»

መንገሻ አሜሪካ፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት መንዳት ከጀመረ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። አርብ ቋሚ ካደረጉት እሑድ እረፍት ያገኛል፤ ካላደረጉት የመዘምራን መሪነቱን ለኤልዳድ ያስረክባል። ኤልዳድ ደግሞ ሲዘምር እጁና አፉ ተስማምተው አያውቁም።

አለቃው ቪዮሬል ዝምተኛ ሰው ነው። መኪና ተጭኖ ባለቀ ቁጥር እጁን አራግፎ «ጋታ» ይላል። መንገሻ ይህን የሰማ ዕለት ለሚስቱ ለጽጌ፦

«አለቃዬ አማኝ ነው። ሥራ በጨረሰ ቁጥር ጌታን ይጠራል፤ አፉ አልያዘለትም እንጂ» አላት።

«የኛ ሰዎች አስተምረውት ይሆናል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቪዮሬል «ጋታ» ሲል መንገሻ «አሜን» ይላል።

ማክሰኞ መንገሻ በጠርሙስ የታሸገ የፓስታ ስጎ መኪና ላይ ሲጭን ቪዮሬል ከጎኑ «ጋታ» አለ። «አሜን» ብሎ ነዳ። «ጋታ፣ ጋታ፣ ጋታ።» ዛሬስ መንፈስ ሞልቶታል ብሎ «አሜን፣ አሜን» እያለ ገፋ። ጠርሙሶቹ ተንኮታኮቱ፤ ስጎው የቪዮሬልን ጫማ ሸፈነው።

የጭነት መኪናው ሹፌር ፍቅሩ አብሮት እየጠረገ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ቁም ሲልህ ነው አሜን የምትለው? ሮማኒያዊ እኮ ነው። ‹ጋታ› በነሱ ‹በቃ› ማለት ነው» አለው።

«ሥራ ሲያልቅስ?»

«ያም ‹በቃ› ነው። እሱማ ‹ለጭነት የሚጸልይ ሰው አይቼ አላውቅም› እያለ ይገረምብሃል።»

አርብ ቪዮሬል ቢሮ ጠራው። ከወረቀቱ ቀና ብሎ «መንገሻ፣ ጋታ» አለ።

መንገሻ ገባው። የሥራ ሰደርያውን አውልቆ፣ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ የፎርክሊፍቱን ቁልፍ ደረበበት። ኤልዳድ ሲያጨበጭብ ታየው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ቪዮሬል በእንግሊዝኛ።

«ጋታ አልከኝ። በቃ ማለት አይደል?»

«ነው። ዝግጁ ማለትም ነው። እናቴ ምሳ ሲደርስ ‹ጋታ› ብላ ነበር የምትጠራን።» ወረቀቱን አዞረለት። «ለቋሚነት ዝግጁ ነህ። ፈርም።»

ፍቅሩ አልተሳሳተም ነበር፤ በቅተሃል የሚለው «በቃ» ነው።

«ስጎውስ?»

«የፈሰሰው እኔ ላይ ነው። ይቅር ብያለሁ።»

መንገሻ ፈርሞ ሰደርያውን ለበሰ። ቪዮሬል ግን ወረቀቱን ሳያነሳ ይጠብቃል።

«ዛሬ አሜኑ ቀረ?» አለው።