ሁለት ቦታ የታዩ ሦስት ድንጋዮች

በሙዚየሙ ውስጥ ሥራዬ ፎቶዎች ግድግዳ ላይ ከመሰቀላቸው በፊት መመርመር ነው። እለካለሁ፤ ጭረትና እድፍ እፈልጋለሁ፤ ያየሁትን ቅጽ ላይ እሞላለሁ። የክፍላችን ኃላፊ «ይቺ ልጅ በሰርጓ ዕለት ሙሽራውን በአጉሊ መነጽር ሳታይ ቀለበት አታጠልቅም» እያለ ያሾፍብኛል።

የአካባቢያችንን መልክዓ ምድር የሚያሳየው ዐውደ ርእይ አርባ አንድ ፎቶዎች ነበሩት። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ርዕሱ «ሰው ያልረገጠው» ይላል፤ ከተራራው በስተምዕራብ ያለው ሸለቆ ነው። ፎቶው የተነሣበት ተብሎ ከጀርባው የተጻፈው ቀን ታናሽ ወንድሜ የጠፋበት ቀን ነበር።

ወንድሜ እየዞረ የወንዞችን ከፍታ የሚለካ ሠራተኛ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ እንደወጣ ቀረ። ሞተር ብስክሌቱ ከተራራው በስተምሥራቅ ስለተገኘ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የተፈለገው በዚያው በምሥራቅ ብቻ ነው። እናታችን እስከ ዛሬ የግቢውን በር አትቆልፍም።

የቀኑ መገጣጠም ብቻውን ምንም እንደማያረጋግጥ ለራሴ ነገርኩት። ቢሆንም ፎቶውን ስንዝር በስንዝር አየሁት። ሰው የለም። አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ግን አገኘሁ፦ ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ያሉት ሦስት ድንጋዮች፣ ስንጥቃቸው ሳይቀር፣ አራት ሳንቲሜትር ወረድ ብሎ እንደገና አሉ። ቅጹ ላይ «ሳይነካካ አልቀረም» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶ አንሺው ስለ ሥራዎቹ ሊያወራ መጣ። ሽበታም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ ስልሳ የሚሆን ታዳሚ ሲያስቅ ቆየ። ጥያቄ ሲፈቀድ እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ አሥራ ሰባተኛው ላይ እነዚያ ሦስት ድንጋዮች ለምንድን ነው ሁለት ቦታ ያሉት?»

«ወይ ጉድ፣ ተያዝኩ!» ብሎ ጭኑን መታ። ሰዉ ሳቀ። «እስከ ዛሬ ማንም አልነቃብኝም እኮ! አየሽ የኔ ልጅ፣ እዚያ ጋ አንዲት ቢጫ ነገር ነበረች። ነፋስ የጣላት ላስቲክ ናት መሰለኝ። ያን የመሰለ ሸለቆ ታበላሽብኝ? ከጎኗ ያሉትን ድንጋዮች ቀድቼ ለጠፍኩባትና አጠፋኋት።»

የወንድሜ የዝናብ ካፖርት ቢጫ ነበር። የገዛችለት እናቴ ናት፤ ከሩቅ እንዲታይ ብላ።

«ዋናው አለዎት?» ያልኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው።

«ላፕቶፔ ውስጥ አለ። ምነው፣ ልትከሺኝ ነው?»

ኃላፊዬ ፊቴን አይቶ ዝግጅቱን በአጭሩ ዘጋው። ቢሮ ገብተን ፎቶ አንሺው ዋናውን ከፈተ፤ እኔ አጎላሁት። ቢጫዋ ነገር እጅጌ አላት። ከቋጥኙ ሥር የተቀመጠ ሰው ነው። አንድ እግሩ ወደ ጎን ተጣሟል። ቀኝ እጁ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ መዳፉ ወደ ካሜራው ነው።



«አላየሁትም» አለ ፎቶ አንሺው። «እዚያ ሆኜ አላየሁትም እኮ። ቤት ገብቼ ነው ያጠፋሁት።»

ቅድም «አጠፋኋት» ያላት ላስቲክ ነበረች፤ አሁን «ያጠፋሁት» ያለው ሰው ነው። ያለውን ለራሱ ሲሰማ አፉን በሁለት እጁ ያዘ።

ካርታ ዘረጋሁለት። «የት ቆመው ነው ያነሡት?»

እርሳሱን ሁለት ጊዜ ጣለው፤ በሦስተኛው ምልክት አደረገ። ከምልክቱ እስከ ቋጥኙ ያለውን በማስመሪያ ለካሁ። ስምንት መቶ ሜትር። ደግሜ ለካሁ። ያው ስምንት መቶ።

ኃላፊዬ ለፖሊስ ሲደውል እኔ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ።»

«ምነው ድምፅሽ? ምን ሆንሽ?»

«በምሥራቅ አልነበረም፣ እማዬ። በምዕራብ ነው።»

ቀስ ብላ «ካፖርቱ ታየ?» አለችኝ።

«ታይቷል» አልኳት። «ከሩቅ ታይቷል።»