የምሳ ሰዓት መስመር

ጉደታ ከሐዘን ፍራሹ ላይ ሆኖ የሚያለቅሱትን ወንዶች ይመረምር ነበር። ሚስቱ ዱሬቲ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። እሱ ግን እስካሁን አንዲት ጠብታ እንባ አላወጣም። እድርተኛው «ደንዝዞ ነው፤ ኋላ ይወጣለታል» ይላል። መደንዘዙስ ደንዝዟል። ንፍሮው አፈር አፈር ይለዋል፣ የሰው ድምፅ ከሩቅ ይመጣበታል። ዓይኑ ብቻ ሥራ አልፈታም። ወደ ድንኳኑ የሚገባውን ወንድ ሁሉ ከጫማው እስከ ባርኔጣው ይመዝነዋል፤ ከልኩ በላይ የሚያለቅስ መኖሩን ያያል። የሚፈልገው አንድ ሰው ነው፤ ስሙን የማያውቀው፣ መልኩን ያላየው፣ ስምንት ወር ሙሉ ሲጠላው የኖረው ሰው።

አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ሽበታም ሰው በከዘራ እየተደገፉ ገቡ። ገና ከደጃፉ «ዱሬቲ ኮ፣ ዱሬቲዬ» እያሉ ሲያነቡ ጉደታ ቀና አለ። አያቸው። ስልሳ ዓመት ያልፋቸዋል። እኚህማ አይሆኑም ብሎ ተዋቸው።

«ዋቅ ሲ ሃጀጀቤሱ፣ ልጄ። እግዜር ያጽናህ» አሉት።

ይሄኔ ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አንዲት ጠና ያለች ሴት ብድግ አለች።

«ባኮ» አለች ድምፃቸውን ለይታ።

ሽማግሌው ዞር ብለው አፈጠጡባት። «ጌዶ? ጌዶ ነሽ?»

«አዎ፣ ኦቦ ቱፋ። እንቁ ነኝ።»

ተቃቅፈው ተላቀሱ። ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ሲነጋገሩ ኖረው መተያየታቸው ዛሬ ገና ነው። ኦቦ ቱፋ የባኮ ስልከኛ ናቸው፣ እንቁ የጌዶ። ዱሬቲ የአምቦ ነበረች። ጥቂት ቆይቶ ከጉደር ስልክ ቤት የመጣ ቀጭን ወጣት «እግዜር ያጽናችሁ» ሲል፣ ሁለቱም ባንድ አፍ «ዓብዲሳ» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ባዶ የነበረው አግዳሚ ከጉደታ ፍራሽ ጎን ያለው ነበርና ሹክሹክታቸው ሁሉ ይሰማዋል።

«ጆሮዋን አሟት ከስልክ ማዞሪያው ተነሳች ብለውን ነበር» አለች እንቁ ወደ ጉደታ ጎንበስ ብላ። «ሕመሙ ያኔ ነው የጀመራት?»

«የወፍ በሽታ ነው የገደላት። ሁለት ሳምንት አልቆየችም።»

«ጨዋታውን ሳትጨርስልን» አለ ዓብዲሳ፤ ወዲያውም ባለው አፈረ።

«የምን ጨዋታ?» አለ ጉደታ።

ሦስቱ ተያዩ። ባልዋ ሆኖ እንዴት አያውቅም? በመጨረሻ ኦቦ ቱፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መስመራችን አንድ ነው፣ ልጄ። አንዱ ሲናገር ሌላው ቢያነሳ ይሰማል። ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ቢሮው ሁሉ ለምሳ ሲዘጋ የሚደውል የለም። እኛ ደግሞ ከወንበራችን አንነሳም። በዚያች ሰዓት ዱሬቲ ስለ አንድ አገር ታወራልን ነበር። ከወንጪ ሐይቅ ሥር ስላለ አገር። ትናንት ካቆመችበት ትቀጥላለች፣ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት።»

«ኢፍቱ የምትባል ልጅ አለች» አለች እንቁ። «ወራጅ ውኃ የማቆም ኃይል ተሰጥቷታል። ባቆመች ቁጥር ግን አንድ ቃል ትከፍላለች፤ ያ ቃል ዳግመኛ ወደ አፏ አይመለስም። ውሸት መሆኑን መቼ አጣነው? ሕጉ ግን አይዋሽም። አንዴ ‹እሳት› የሚለውን ቃል ከፈለች። ከዚያ ወዲያ ዱሬቲ ሁለት ዓመት ሙሉ በኢፍቱ አፍ ‹እሳት› ብላ አታውቅም። ልጅቷ ብርድ ሊገድላት እንኳ ‹ያን ቀዩን፣ የሚያሞቀውን ስጡኝ› እያለች ትለምናለች። እኔ ጌዶ ቁጭ ብዬ ‹በያት፣ ምናለ ብትያት› እያልኩ አነባለሁ።»

«እኔ ጠላቷን ነበር የምወደው» አለ ዓብዲሳ። «እሱም ቃሉን ከፍሎ ከፍሎ ሦስት ብቻ ነው የቀረው። ክፉ የሆነው ማስረዳት አቅቶት ነው።»

«ሕፃን የገደለ ምን ያስረዳል?»

«አልገደለም፣ እትዬ እንቁ። ገደለ ተባለ እንጂ።»

ለቅሶ ቤት መሆናቸውን ረስተው እንደ ጎረቤት ጉዳይ ተከራከሩ። ልጅቷ ትናንት ያልቻለችውን ዛሬ ስትችል እንዴት ደስ እንዳላቸው፣ ደግሞ ስትወድቅ ምሳ እንዴት አልወርድ እንዳላቸው አወሩ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እነዚህ ሦስቱ ግን ከለቅሷቸው ግማሹ ለዚያ አገር ነበር።

ጉደታ ያዳምጣል። የእርሻ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነው። ስምንት ወር ይሆነዋል፤ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ራሱን አሞት ወደ ቤት ሲመለስ በስልክ ቤቱ በኩል አለፈ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ዱሬቲ ዓይኗን ጨፍና፣ የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ አቅፋ፣ በትዳር ዘመናቸው ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ «አትተወኝ፤ ካንተ ሌላ ማን አለኝ» ትላለች። ቆሞ ሰማ። እግሩ እንዴት ቤት እንዳደረሰው አያውቅም።

በሳምንቱ አለቃዋን ለብቻው አነጋገረ። ሚስቴን ማዳመጫው ጆሮዋን እያሳመማት ነው፣ አፍራ ነው የማትነግርዎት አለ። አለቃው ደግ ሰው ነበርና ዱሬቲን ወደ መዝገብ ቤት አዛወራት። ከዚያ ወዲያ በሰዓቷ ትገባለች፣ የጠየቃትን ትመልሳለች፣ ሌላ ቃል ግን አይወጣትም። ጉደታ ያን ዝምታ እንደ ጥፋተኛ ዝምታ ቆጠረው። ታማ ስትተኛም ከጎኗ ተቀምጦ ይጠብቅ የነበረው ስም እንድትጠራ ነው። ሳትጠራ ሞተች።

«አትተወኝ፣ ካንተ ሌላ ማን አለኝ ስትል ሰምቻለሁ» አለ ድንገት። «ለማን ነበር?»

የኦቦ ቱፋ ፊት ፈካ አለ። «ለቦራ ነዋ።»

«ቦራ ማነው?»

«በሬው ነው እንጂ። የኢፍቱ በሬ።»

ጉደታ ሽማግሌውን አያቸው። የሚያሾፉ አይመስሉም። ስምንት ወር የጠላውን ሰው ፊት በልቡ ሊስል ብዙ ደክሟል፤ የሎንቺና አውቶቡስ ነጂ አድርጎታል፣ መኮንን አድርጎታል። በሬ አድርጎት አያውቅም። ይህን ሲያስብ እንኳ ውስጡ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ቀዝቅዞ ተቀምጧል። መናገር እንዳለበት ብቻ ታወቀው።

«ጆሮዋን አልታመመችም። ከማዞሪያው ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ወንድ ይዛለች ብዬ።»

ከድንኳኑ ማዶ እህቱ አመለሸጋ ሻይ ታድላለች፤ የብርጭቆው ድምፅ ይሰማል።

«ስምንት ወር» አለች እንቁ ቀስ ብላ። «ጆሮዋ ነው ቢሉንም፣ ምን አስቀይመናት ነው እያልን ስምንት ወር። ኦቦ ቱፋ በእርስዎ ነው፣ ዓብዲሳ በአንተ ነው፣ ስንባባል። ለመሆኑ ባሏ ሆነው እርስዎ አልጠየቋትም?»

«ጠይቄያት ነበር። ‹ተረት ነው የምነግራቸው› አለችኝ።»

«እርስዎስ?»

«‹ለማን ልጅ ነው ተረቱ?› አልኳት።»

ጉደታና ዱሬቲ በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው ልጅ አልወለዱም። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። ዓብዲሳ መሬት መሬቱን ያያል። እንቁ አግዳሚው ላይ እንዳለች ጀርባዋን ለጉደታ ሰጥታ ወደ ሕዝቡ ዞረች። የጌዶው አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ ፊቱን ላለማየት የቆረጠች ትመስላለች። ትክክል ናት ብሎ አሰበ ጉደታ።

«ኦቦ ቱፋ» አለ። «ስለ በሬው ይንገሩኝ።»

«እዚህ? በለቅሶ መሃል?»

«አዎ። ምን ዓይነት ነበር?»

ሽማግሌው ግራ ቀኛቸውን ቃኙ። ከዚያ ጠጋ ብለው ጀመሩ። ቦራ ግዙፍ በሬ ነው። ልጅቷ ከነጎጆዋ ጀርባው ላይ ነው የምትኖረው። ጦር አይፈራም፣ ገደል አይፈራም። የሚፈራው እንቁራሪት ነው። እንቁራሪት ካየ ቀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ድስቱም ቁና ወንፊቱም ልጅቷም በመስኮት ይወርዳሉ።

«ፈራሁ ግን አይልም» አሉ ኦቦ ቱፋ። «እሱ ኩሩ ነው። ዱሬቲ እንግዲህ ድምፅዋን ታወፍርና፣ ልክ የቀበሌ ስብሰባ እንደሚመራ ሰው...» ድጋሚ ዙሪያቸውን አዩ፤ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ስበው በሹክሹክታ ድምፃቸውን አጎረነኑ። «‹ጓዶች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን ሁኔታውን ብንገመግምስ?›»

ጉደታ ሳቀ።

እንዴት እንዳመለጠው አያውቅም። ደረቅ፣ አጭር፣ ሳል የመሰለ ነገር ከደረቱ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ መጣ፣ ከፊተኛው የባሰ። በአቅራቢያው የነበሩ ሰዎች ዞሩ። አመለሸጋ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሚስቱን በቀበረ በሦስተኛው ቀን የሚስቅ ሰው አምቦ አይታ አታውቅም። ጉደታ አፉን በመዳፉ አፈነ፤ አልሆነለትም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ከጣቶቹ መሃል የሚወጣው ድምፅ ሳቅ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሆኗል፣ ጉንጩም ርሷል። ጎንበስ ቢል አልቆመለትም።

እንቁ ዞራ አየችው። ከአግዳሚው ተነስታ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ዘርግታ፣ ሰው እንዳያየው፣ ፊቱን ከለለችለት።