የታች ሰፈር ሩር መራጭ

አያ ጋሻዬ መናደድ የጀመሩት ታኅሣሥ ዐሥራ አንድ ቀን ነው። ቀኑን ቆጥረው የያዙት ራሳቸው ናቸው። በገና ጨዋታ ዕለት፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ፣ መቆጣት አይፈቀድማ! የዚያን ለት ጌታም አይቆጣ። ሎሌው በዱላ ቅልጥሙን ቢለው እንኳ አሸት አሸት አድርጎ ዝም ነው። ስለዚህ በሆዱ ቁጣ ያለበት ሰው ቀደም ብሎ መጨረስ አለበት። አያ ጋሻዬም ዐሥራ ስምንት ቀን እንደቀራቸው አስልተው ሥራቸውን ጀመሩ።

ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ገናን በየዓመቱ ይገጥማሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ አለው፤ ኳሷ ግን አንዲት ናት። ከወይራ ሥር ከተጠረበች ሩር ትባላለች። ከባድ ናት፤ መሬት ለመሬት ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ትከሻ ትፈልጋለች። ከጠፍር ተጠቅልላ ከተሰፋች ደግሞ ጥንግ ናት። ቀለል ትላለች፣ ትነሣለች፣ ትታጠፋለች፤ እጁ ለተፍታታ ትታዘዛለች። ዘንድሮ የትኛዋ ትግባ የሚለውን የሚወስነው አምና የተሸነፈው ሰፈር ነው። የታች ሰፈር መራጭ አያ ጋሻዬ ናቸው፤ ከእርሳቸው በፊት አባታቸው ነበሩ። እንግዲህ ደኅና መራጭ ቢበዛ በሁለት ዓመት አንዴ ነው ሥራ የሚያገኘው። አያ ጋሻዬ ሦስት ዓመት ተከታትለው መርጠዋል፤ ዘንድሮ አራተኛቸው ነው።

በዚያች በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ከደጃቸው ተቀምጠው ለእንግዳ የሚሸጥ የእንጨት መስቀል ይጠርባሉ። አዝመራው መጣ። አዝመራው የታች ሰፈር ልጅ፣ አስጎብኚ፣ የዘንድሮው ቡድን አለቃ ነው። ለሥልጠና አዲስ አበባ ዐሥር ቀን ሰንብቶ መመለሱ ነው። ዐሥር ቀን ለአንዳንድ ሰው ብዙ ነው።

«እንዴት ዋሉ አያ ጋሻዬ?»

«እንደምታየኝ፣ ተቀምጬ።»

«አዲስ አበባ ቦውሊንግ የሚባል ጨዋታ አሳዩኝ» አለ አዝመራው፣ ቁጢጥ ብሎ። «ከባድ ኳስ በወለል ላይ ያንከባልሉና ጠርሙስ የመሰለ ዐሥር እንጨት ይጥላሉ።»

«ጥለውስ?»

«መልሰው ያቆሙታል።»

አያ ጋሻዬ ይኼን ለጊዜው አለፉት።

«ቁም ነገሩ ጨዋታው አይደለም። ኳሱ ለሰው ተመርጦ ነው የሚሰጥ! አንዲት ልጅ ኪሎዬን ጠየቀችኝ፤ ኳሱ የኪሎህን ዐሥረኛ አይለፍ አለች። ኳሱ ለጣት ቀዳዳ አለው፤ ጣቴን አስገብታ ለካችው። ከጠበበ ጣት አንቆ አይለቅም፣ ከሰፋ ያመልጣል። ከዚያ ‹ቀጥ አድርገህ ነው የምትለቀው ወይስ ታጥፈዋለህ?› አለችኝ። ቀጥ ለሚያደርግ የሚንሸራተተውን፣ ለሚያጥፍ ወለሉን ቆንጠጥ የሚያደርገውን ነው የምትሰጥ።»

«ጠየቀችህ?»

«አዎና።»

«ስትወረውር ሳታይህ?»

«ምኑን ታየዋለች አያ ጋሻዬ፣ ወረፋ አለ።»

አያ ጋሻዬ መጥረቢያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። የሚያውቋቸው ሰዎች መጥረቢያው ሲቀመጥ ወንበራቸውን ራቅ ያደርጋሉ።

«ስማ እንጂ አዝመራው! ሰው ስለ ራሱ ምት ተጠይቆ እውነቱን ይናገራል? ማንን ብትጠይቅ መብረቅ ነኝ ነው የሚልህ! አባቴ ሲመርጡ አንድ ሰው ጠይቀው አያውቁም። ሲቆፍር ያዩታል፣ ሲያጭድ ያዩታል፣ አለቀ። ሰው የራሱን ምት አያውቅም! ምት የሚታወቀው ለተመልካች ነው። ለካች ትለኛለህ? ደግ፣ ትለካ! ጠየቀችኝ አትበለኝ!»

«እኛም ጠይቀናል እኮ» አለ አዝመራው ቀስ ብሎ። «ለሃያ ሁለቱም ተጫዋች በቴሌግራም መጠይቅ ልከናል። ኪሎ፣ ቁመት፣ የምት ስልት። የሰፈሩ የጨዋታ ኮሚቴ የወሰነው፣ ዘንድሮ ምርጫው በጥናት ይሁን ነው። ኳሷን ሜዳ ላይ የሚያስቀምጡት እርስዎ ነዎት፤ እሱን አንነካም። ከተሸነፍን ግን መራጭ የሚባለው ነገር ይቀርና ኮሚቴው ይረከባል። አይቀየሙን።»

አያ ጋሻዬ ግን ተቀየሙ። ያን ሰሞን የተቀየሙትን ያህል በሕይወታቸው ተቀይመው አያውቁም። ለመሪጌታው ነገሩ፤ መሪጌታው የገና ዜማ ላይ ነበሩና ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አለፉ። ቅዳሜ ገበያ ወርደው ለእህል ሻጩም፣ ለበግ ሻጩም፣ ለበጉም ነገሩ። መስቀል ሊገዛ ለመጣ አንድ ፈረንጅ በአማርኛ አብራርተው ነገሩት፤ ሰውየው ቃል ሳይገባው ደንግጦ ሁለት ገዛ።

«ጥናት!» ይላሉ ማታ እራት ላይ። «አባቴ በዓይናቸው ብቻ አይተው ሃያ ዓመት የመረጡትን፣ ልጅ በስልክ ያጠናዋል!»

«ብላ» ትላቸዋለች ባለቤታቸው የሺሃረግ። «ቀዘቀዘ።»

ታኅሣሥ ሃያ ቀን የጥናቱ ውጤት መጣ። አዝመራው ስልኩን ከፍቶ በደጃቸው ቆሞ አነበበ። ‹የምት ስልትዎ ምን ዓይነት ነው?› ለሚለው ሃያ አንድ ሰው ‹ኃይለኛ› ብሎ መልሷል። ባጃጅ ነጂው አዳም ብቻ ተለይቶ ‹በጣም ኃይለኛ› ብሏል። ስለዚህ የምትገባው ኳስ የወይራ ሩር፣ ያውም ከባዷ ናት።

አያ ጋሻዬ ከኋላቸው ከመደርደሪያው ላይ ያለችውን ዞር ብለው አዩ። ከኅዳር ጀምሮ ሲጠርቧት የሰነበቱት ሩር፣ የወይራ ሥር፣ ያውም ከባዷ፣ እዚያው ተቀምጣለች።

አዝመራው ሲሄድ የሺሃረግ «እንኳን ደስ ያለህ» አለች። «ጥናቱም አንተን መረጠ።»

ይኼኔ ነው የባሰባቸው። «በማን ፈቃድ ነው ከእኔ ጋር የሚስማማው? እኔ ዐርባ ዓመት አይቼ የደረስኩበት ላይ እሱ በውሸት ይደርሳል? ሃያ ሁለት ውሸታም አንድ ላይ ሲዋሽ እንዴት እውነት ይወጣዋል? ቆይ! ውሸታቸውን በዓይኔ አይቼ ነው የማጋልጣቸው!»

በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ባጃጅ መቆሚያው ወረዱና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከተማው ለበዓሉ በመጡ ምእመናን ሞልቶ መርገጫ የለም። በመጀመሪያ ያዩት ‹በጣም ኃይለኛ›ውን አዳምን ነው። የጎማ ቡሎን ሊፈታ ታግሎ ታግሎ አቃተው፤ አንድ ተሸካሚ ጠርቶ አስፈታ። አያ ጋሻዬ በደስታ ጭናቸውን መቱ። አንድ ውሸታም ተያዘ!

አዳም ግን ቡሎኑ እንደታሰረለት ባጃጁን አስነሥቶ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ገባ። ባንድ እጁ ስልክ ያወራል፤ በሌላው እጁ መሪውን ቅንጥስ፣ ቅንጥስ ያደርገዋል። የአንዲት መነኩሴ ቀሚስ ሳይነካ፣ የተኛ ሽማግሌ ሳይቀሰቅስ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያልፍ አለፈ። አያ ጋሻዬ ጭናቸውን ሊመቱ ያነሡት እጅ አየር ላይ ቀረ።

ከዚያ ምስክርን አዩት፤ የሆቴል አስተናጋጅ ነው። ስድስት ብርጭቆ የያዘ ትሪ በሦስት ጣት ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሲገፋው እጁን እያዞረ፣ ጠብታ ሳያፈስ መንገድ ተሻገረ። ከሰዓት በኋላ ራሱ አዝመራው እንግዶቹን እየጠበቀ ከአንድ ግንብ ሥር ቆሞ አገኙት። ሥራ ፈትቶ በከዘራው ጫፍ ጠጠር እያነሣ ከቦዩ ማዶ ይወረውራል። ሁሉም ጠጠር አንድ ቦታ ይወድቃል። አያ ጋሻዬ ዐሥራ አምስት ቆጠሩ፤ አንዱም አልሳተም።

በሁለተኛው ቀን ማታ ቤታቸው ገብተው ዝም አሉ። የሺሃረግ ደነገጠች።

«ታመምክ?»

«ከሃያ ሁለቱ ዶማ የያዘ ሦስት ነው። የቀረው መሪ ጨባጭ፣ ትሪ ተሸካሚ፣ ጠጠር ወርዋሪ ነው። ትከሻ የለ፣ ሁሉም እጅ ብቻ! ታዲያ ያን የሚያህል ሩር ሦስት ዓመት ስጠርብ ለማን ነው የነበረው?»

«ላንተ ነዋ» አለች የሺሃረግ ገንቦዋን እየከደነች። «ክብደቷ ያንተ ልክ፣ መሬት ለመሬቷ ያንተ። ሃያ ሁለት ሰው ያንተን ጫማ አጥልቆ ነው ሲሮጥ የከረመ።»

«ማን ነው ይኼን የነገረሽ?»

«አየሁት። ሰው የራሱን ምት አያውቅም ያልከው አንተው አይደለህ?»

«ሦስት ዓመት አይተሽ ሳትነግሪኝ!»

«ጠይቀኸኛል?»

አያ ጋሻዬ የሚቆጡት ሰው ፈለጉ፤ በቤቱ ውስጥ የተረፈው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ያንን ሳምንት ጠፍር እየነከሩ በራሳቸው ላይ ሲቆጡ ሰነበቱ። እርጥቡን ጠፍር እያጠበቁ ጠቀለሉ፣ በጅማት ሰፉ፣ በአውራ ጣት ተጭነው ፈተሹ፣ ከበዳቸውና ፈትተው እንደገና ጠቀለሉ። ለማንም አልተናገሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

የገና ለት፣ የቤዛ ኩሉ ዝማሬ አልቆ ካህናቱ ከወረዱ በኋላ፣ ከከተማው በታች ገብስ የታጨደበት ሜዳ ላይ ሰዉ ተሰበሰበ። ላይ ሰፈሮች ወፋፍራም ዱላ ይዘዋል። መራጫቸው አያ ወልደ ጊዮርጊስ ከሩቅ ጮኹ፦

«ጋሻዬ! ያችን ድንጋይህን አመጣሃት? ልጆቼ ላንተዋ ሩር ብለው ወር ሙሉ ፍልጥ ሲፈልጡ ከረሙ እኮ! የሰፈሩ ግንድ አለቀ!»

ሜዳው በሳቅ ሞላ። አያ ጋሻዬ መሃል ሜዳ ደርሰው እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡና ጥንጓን መሬት ላይ አስቀመጡ።

ሳቁ ቀጥ አለ። አዝመራው እየሮጠ መጣ።

«አያ ጋሻዬ! ምንድን ነው የሠሩት? ጥናቱ እኮ ሩር ነው ያለው!»

«መሬት ነክታለች» አሉ አያ ጋሻዬ። መሬት የነካች ኳስ እንደማትቀየር በላስታ ሕፃን ያውቃል።

አዝመራው ሊጮህ አፉን ሲከፍት አያ ጋሻዬ ጣታቸውን አነሡ።

«ገና ነው ልጄ። አይቆጡም።»

ይህን ቃል ከበዓሉ ጠላ የበለጠ አጣጣሙት።

ፍልጥ ሲፈልጡ የከረሙት ላይ ሰፈሮች ጥንጓን በፈላጭ ጉልበት ሲሏት አንዴ ከሜዳ ወጥታ ክምር ላይ ትወጣለች፣ አንዴ ዱላቸው በላይዋ አልፎ አፈር ይዝቃል። የታች ሰፈር ልጆች ግን በመጀመሪያዋ ምት ግራ ቢገባቸውም በሦስተኛዋ ገባቸው። አዳም በሰው እግር መሃል ቅንጥስ እያደረገ ነዳት፤ ምስክር እጁን አዙሮ ተቀበለው፤ አዝመራው ከሰው ራስ በላይ እንደ ጠጠሩ አንሥቶ ከፈለገበት ጣላት። ሦስት ለአንድ አለቀ። በመሃሉ አንድ የላይ ሰፈር ጎረምሳ የሳተው ዱላ የአያ ጋሻዬን ቅልጥም አገኘው። አሹት፣ ዝም አሉ።

ልጆቹ አዝመራውን በትከሻ ተሸከሙት። አንዱ ስልክ ደቀነለትና አዝመራው ከላይ ሆኖ ተናገረ።

«የድላችን ምስጢር ጥናት ነው! የእያንዳንዱን ተጫዋች ስልት መዝግበን ነው ኳሷን የመረጥነው። አያ ጋሻዬም ተባብረውናል፤ እናመሰግናለን። ስለዚህ ለከርሞም መራጭ ሆነው እንዲቀጥሉ ኮሚቴው ፈቅዶላቸዋል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ለከርሞ የሚመርጠው የተሸነፈው ላይ ሰፈር መሆኑን በዚያ ደስታ መሃል ያስታወሱት አያ ጋሻዬ ብቻ ናቸው።

ተባብረውናል! ፈቅዶላቸዋል! ቁጣቸው አፋቸው ላይ ደረሰ። ከሜዳው ዳር ከሴቶቹ ጋር የቆመችውን የሺሃረግን አዩዋት። ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛዋለች።

«ዛሬ ስንት ነው?» አሏት፣ ጠጋ ብለው።

«ሃያ ዘጠኝ።»

«እስከ መቼ ድረስ?»

«እስኪነጋ።»

አያ ጋሻዬ ዋጡት። እያነከሱ ወደ አዝመራው ሄዱና ከትከሻ እስኪያወርዱት ጠበቁ። ከዚያ እንደ አባት ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት።

«አዝመራው፣ ልጄ፣ ነገ ጠዋት ቤት አለህ?»

«አለሁ አያ ጋሻዬ፤ ምነው በደኅና?»

«በደኅና፣ በደኅና» አሉ። «በማለዳ እመጣለሁ።»