የምድር ቤቱ መጋረጃ

«ሰማሽ?» አለች ልዕልቲ፣ ስኒውን ከከንፈሯ ሳታደርስ።

«ዝም በይ እስቲ» አለች ውባንቺ።

እንደገና ቋ አለ። ድምፁ የመጣው ቤተ ክርስቲያን ከሆነው የምድር ቤት አዳራሽ ዳር ከተዘረጋው ቀይ መጋረጃ ጀርባ ነው። ሁለቱም ሴቶች ወደዚያ ቀና ብለው ማየት አልደፈሩም። ልዕልቲ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አማተበች።

«ያለቅሳል» አለች በሹክሹክታ። «ታቦቱ ለአገልጋዩ እያለቀሰ ነው።»

እታገኘሁ ከፍራሹ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ባሏ ቄስ ኃይለመለኮት ከተቀበሩ ገና ሰልስታቸው ነው። እንደ ሐዘንተኛ ወግ አንገቷን ደፋች። ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ምን እንዳለ በዚህች ከተማ የምታውቀው አሁን እሷ ብቻ ናት። ማወቋ ፍርሃቷን ሊያቀልላት ሲገባ ጭራሽ አባሰባት።

መቼም ሰው በነሐሴ ሮም ውስጥ መሞት የለበትም። ጣሊያኖቹ ከተማውን ዘግተው ባሕር ይወርዳሉ፤ ሠራተኞቻቸውንም ከሻንጣውና ከውሻው ጋር ጭነው ይሄዳሉ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያሉ ሱቆች ቆርቆሯቸውን አውርደው የዕረፍት ወረቀት ለጥፈዋል። መንገድ ላይ የሚሰማው የራስ ጫማ ኮቴ ብቻ ነው። የቄሱ ምዕመናን ሰርዴኛና ሪሚኒ ድረስ ተበትነው ገና መርዶ ያልሰሙ አሉ። ጣሊያኖቹ ለነሐሴ በለቀቁት አዳራሽ፣ ግዛቸው ሰው ይመጣል ብሎ የደረደራቸው ወንበሮች ባዶአቸውን ከፊቷ ተቀምጠዋል። አንዳንዴ ሰው ሞልቶባቸው እሷ ብቻ የማታያቸው ይመስላትና ዓይኗን ትጨፍናለች።

ግዛቸው ራሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። በዓለም አቀፉ የምግብ ድርጅት ሒሳብ ክፍል የሚሠራ፣ ለቤተ ክርስቲያኗ ስልክም መኪናም የሆነ ሰው ነው። ፕሪማ ፖርታ መካነ መቃብር ካህን ስላልነበረ ዳዊት የደገመው እሱ ነበር። ከፍራሹ አጠገብ በርከክ አለ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ። አሎራ፣ እንግዲህ ለንደን ደውዬ ነበር። ቆሞስ አባ ተኽለብርሃን ለአሥራ ሁለቱ ይደርሳሉ። ፍትሐቱንም ያደርሳሉ፣ ታቦቱንም ይረከባሉ።»

«ይረከባሉ?»

«ታዲያስ! ከካህን በቀር ማን ይነካዋል? ከፍተው፣ የማን ታቦት እንደሆነ አይተው፣ ለሀገረ ስብከቱ ያሳውቃሉ። ከዚያ በኋላማ እውነተኛ ደብር ሆንን ማለት ነው።»

ደስ ብሎት ነበር የተናገረው። እታገኘሁ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ቆሞሱ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ጥቅል ጋቢ የፈቱ ዕለት ባሏ ሕዝብ ለእንጨት ያሰገደ ቄስ ይባላል። ሴቶቹም ዳግመኛ እዚህ ደረጃ አይወርዱም። ሰውዬው በእርግጥ የሚሞቱት አሁን ሳይሆን ያን ቀን ይሆናል።

ቄስ ኃይለመለኮት ጉለሌ ሳሉ፣ የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ስለሆነ ቅዳሴ ያሳጥሩ ሲባሉ እንቢ ብለው ወራት ታስረዋል። ሲፈቱ በኢየሩሳሌም ተሳላሚነት ስም ወጡና ሮም ሲደርሱ ወገናቸውን በየሰው ማድ ቤት ተበትኖ አገኙት። ሠራተኞቹ የሚያርፉት እሑድና ሐሙስ ከሰዓት ነው። እሑድ ምድር ቤቱን ባለቤቱ የጣሊያኖቹ ደብር ስለሚጠቀምበት ቤተ ክርስቲያኗ የሐሙስ ሆነች። ረቡዕ ረቡዕ ጡረተኞቹ ቶምቦላ ይጫወቱበታል፤ በማግስቱ ቄሱ የሲጋራ ቁራጩን ጠርገው፣ ሥዕል ሰቅለው መጋረጃቸውን ይዘረጋሉ። በቀሩት ቀናት በሠራተኛ መግቢያ እየገቡ፣ አሠሪ ሲኞራዎቹ ሳያዩ የቧንቧ ውኃ ባርከው ለታመመች ይረጫሉ፤ በፖሊሱ መሥሪያ ቤት፣ በክዌስቱራ በር ላይም ከመኖሪያ ፈቃድ፣ ከፔርሜሶ ፈላጊዎች ጋር ተሰልፈው ይውላሉ። ያም ሆኖ ሐሙስ የሚመጣው ሰው ከእጅ ጣት አይበልጥም ነበር። «ታቦት የሌለበት ምን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አዳራሽ እንጂ» ይባላል። ቄሱም ይህን አይክዱም ነበር።

አንድ የጥምቀት ሰሞን ሐሙስ እታገኘሁ ለበርበሬና ለሽሮ ጣሳዎቿ መደርደሪያ የምትሆን ጣውላ ከሳን ሎሬንሶ አናጢ ዘንድ እንዲያመጡላት ላከቻቸው። ሲመለሱ ዶፍ ወረደባቸው። ጣውላዋ እንዳትርስ በጋቢያቸው ጠቀለሏት፤ እጃቸው ሲዝል ራሳቸው ላይ አደረጓት። እንዲያ ሆነው የምድር ቤቱን ደረጃ ቀስ እያሉ ሲወርዱ በር ላይ የተጠለሉት ሴቶች አዩአቸው። ካህን በራሱ ላይ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሟል፣ ጊዜው ደግሞ ጥምቀት ነው። ውባንቺ እልልታዋን አቀለጠችው። ሌሎቹ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተደፉ። ቄሱ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። እታገኘሁም ጣውላዋ በአጠገቧ አልፋ ከመጋረጃው ጀርባ ስትገባ ዝም ብላ አየቻት።

«ለሚመጣው ሐሙስ እነግራቸዋለሁ» አሉ ያን ዕለት። ሐሙስ ሲደርስ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደረጃ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ መጋረጃው በቶምቦላው ቀንም አልተነሣም። ሥራ ያጣችው አልቅሳ ተሳለች፣ ልጇ ከእስር የተፈታላት ስለቷን ይዛ መጣች። አልቀደሱባትም፤ «ካህናት እስኪሟሉ» እያሉ ጸሎትና ትምህርት ብቻ ያደርሱ ነበር። ግን አልነገሯቸውም። ዓመታት አለፉ፣ ቄሱም ከሱ። «እታገኘሁ፣ ይህቺ እንጨት ከበደችኝ» ይሏት ነበር። እሷም ሌላ መደርደሪያ አላስገዛቻቸውም። ጣሳዎቿ እስከ ዛሬ መሬት ላይ ናቸው።

ከሰልስቱ በኋላ ባሉት ቀናት እታገኘሁ አንድ ነገር ብቻ አሰበች። ጣውላዋን አውጥታ ማቃጠል። ቆሞሱ ሲመጡ «ባሌ ሳይሞቱ ለሌላ ካህን ሰጥተዋታል» ብትል ማን ይመሰክርባታል? ሁለት ጊዜ ሴቶቹ ወጣ ሲሉ እስከ መጋረጃው ሄደች። ሁለቱንም ጊዜ እጇን ስትዘረጋ ከውስጥ ቋ አለ። የነሐሴ ሙቀት ነው፣ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ታዲያ ለምን ቄሱ ለጸሎት ይነሡበት በነበረ ሰዓት? ለምንስ እሷ ስትቀርብ? ይህን ያህል ሰው እንባውን ያፈሰሰበት እንጨት አሁንም እንጨት ብቻ ነው ወይ? ይህ ሐሳብ ከሞታቸው ይልቅ አስፈራት።

አሥራ ሁለተኛው ቀን ሐሙስ ላይ ዋለ። ሴቶቹ በዕረፍታቸው ከኦስትያና ከፍሬጄኔ በባቡር መጡ፤ ልዕልቲ የምስር ወጥ ድስቷን ጭኗ ላይ ይዛ ነበር የመጣችው። ግዛቸው ቆሞሱን ሊቀበል ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል። ወንበሮቹ እኩሌታቸው ሞላ። እታገኘሁ ከፍራሹ ተነሣች።

«የት ሊሄዱ ነው፣ እትዬ?» አለቻት ውባንቺ።

እታገኘሁ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። አንዲት ሴት ጮኸች። ከውስጥ ጨለማና የሰም ሽታ ነበር። ጋቢውን ፈታችው። ጣውላዋ እንደ ጥንቷ ናት፣ ቋጠሮ ያላት፣ አንድ ጠርዟ የተሰነጠቀ። መሐሏ ላይ ግን ክብ፣ ጠቆር ያለ፣ ወዝ የጠጣ ቦታ አየች። በጣቷ ነካችው፤ ለስልሶ ነበር። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ ለካስ ቄሱ ብቻቸውን ሲሆኑ ግንባራቸውን የሚደፉበት ነበር። ጣውላ መሆኗን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ሰው ስንቴ ቢደፉባት ነው እንዲህ ያደረጓት? እታገኘሁ አሁን ልታቃጥላት እንደማትችል አወቀች። መዋሸትም አልቻለችም። ጣውላዋን እርቃኗን ይዛ ወጣች።

ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አወረዱ።

«ቀና በሉ» አለች እታገኘሁ። «እዩ። ጣውላ ነው። እኔ ለጣሳ መደርደሪያ ያስመጣሁት ጣውላ! ቆሞሱ ከሚነግሯችሁ ከኔ አፍ ስሙት።»

ማንም ቀና አላለም። ፊት የሌላቸው ነጫጭ ሴቶች በየወንበራቸው ተቀምጠዋል። የሚተነፍሱ አይመስሉም። ያኔ ከጀርባዋ፣ ምንም ካልቀረበት ከመጋረጃው ወዲያ፣ ቋ አለ። እታገኘሁ የያዘችውን ጣውላ ቁልቁል አየችና ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ዞራ ማየት አልቻለችም።

«እናውቃለን፣ እትዬ» አለች ውባንቺ ከነጠላዋ ስር።

«ምኑን ነው የምታውቁት?»

«ያን ቀን የጋቢው ጫፍ ተገልጦ የተሰነጠቀ ጠርዙ ወጥቶ ነበር። ደረጃው ላይ የነበርን ሁሉ አይተናል።»

«እልል ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«አውቄ ነዋ! ጉልበቴ ለሲኞራ ወለል ብቻ ሲንበረከክ ኖሮ፣ ያን ቀን ለሌላ ነገር ልንበርከክ አማረኝ። ለኋለኞቹም ነገርናቸው። አንዳቸውም ከመምጣት አልቀሩም።»

«ያለቅሳል ያላችሁትስ?»

«እሱንማ ሰማን፣ እትዬ» አለች ልዕልቲ። «አሁንም እኮ ሰማን።»

እታገኘሁ ጣውላዋን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ከፍርሃቱ በላይ ንዴት መጣባት። «ለምን አልነገራችኋቸውም ታዲያ? እንቅልፍ ያጡት፣ የከሱት በዚህ ነው እኮ! አንድ ቀን፣ አንዳችሁ እንኳን!»

ውባንቺ ነጠላዋን ገለጠች። ፊቷ በእንባ ርሷል። «እሳቸው እኛ እንዳናዝን፣ እኛ እሳቸው እንዳያፍሩ። ነገ ዛሬ ስንል ቀደሙን።»

ከላይ የመኪና በር ተዘጋ፤ የግዛቸው ድምፅ ተሰማ። ሴቶቹ ተነሥተው ወደ ደረጃው ተሰለፉ። «አብረን እንነግራቸዋለን» አለች ውባንቺ። «ቢቆጡም ሁላችንንም ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን ከዚህ የትም አንሄድም።»

እታገኘሁ ጣውላዋን ለቆሞሱ ንጹሕ አድርጋ ልታቀርባት የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ወዙን ልትጠርገው ጎንበስ አለች። እጇ እንቢ አላት። ነጠላውን ለቀቀችና ግንባሯን እሳቸው ግንባራቸውን ካሳረፉበት ቦታ ላይ አሳረፈች።